የዕቅድ ውይይት፦ ለመምህርቷ የድጋፍ ደብዳቤና ድንኳን

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ 2፡15
እሁድ ለስብሰባ የሚቀርበው ሐሳብ ይኸው። አንደኛ፣ መምህርቷ በግል ዕጩነት ስለምትወዳደር እድራችን ማህተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላት። ሁለተኛ፣ ከነዋሪው ጋር የምትገናኝበት ቀን ድንኳን በነፃ እንስጣት። ሦስተኛ፣ አምስት ሰው ቤት ለቤት አብሯት ይዙር። ሐሳብ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

እኔ ለምን እንደምደግፋት ልናገር። ታኅሣሥ 2014፣ ጦርነቱ ከደሴ ከወጣ በኋላ የእድሩን ዕቃ ቤት ስንከፍት የቀረልን አንድ ድስት ብቻ ነበር። ቀይ ቀለም የተቀቡት የክርስቲያኑ ድስቶች የሉም። አረንጓዴዎቹ የሙስሊሙም የሉም። የተረፈውን ደግሞ ጥቀርሻ ስለሸፈነው የማን እንደሆነ አይለይም። የዚያኑ ቀን ለቅሶ ነበረብን። እኛ ማን ይረድ፣ በየትኛው ይሠራ እያልን ስንጨነቅ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ «ምስር አምጡ» አለች። ሐጂና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከዚያ ድስት በሉ። ሁሉም የሚበላውን ቀድሞ የሚያስብ ሰው ምክር ቤት ይግባልኝ። ምክንያቴ ይኸው ነው።

አባል 17
ማህተሙ ይቅር። እድሩ የገዢው ፓርቲ ደጋፊም የተቃዋሚም ነው። ነገ ሌላው ዕጩ መጥቶ «የእኔስ?» ቢል ምን ልንለው ነው? እኔም የምመርጠው እሷን ነው፤ ግን በራሴ ስም።

አባል 29
እድር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ውስጥ አይገባም። የሚገዛን ራሳችን የፈረምንበት ደንብ ነው። እሱ ደግሞ ስለ ቀብር፣ ስለ መዋጮና ስለ ዕቃ እንጂ ስለ ምርጫ የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ አይከለክልም።

አባል 17
አይፈቅድምም።

አባል 8
ደብዳቤውን እኔ እተይባለሁ። ቤት ለቤት የሚዞሩትንም ከሰፈሩ ወጣቶች እኔ አመጣለሁ። አብሽሩ።

ገንዘብ ያዥ
547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት አንዲት የግል ዕጩ ምን ታመጣለች? ይህን ማንም አልመለሰልኝም። ለማንኛውም ደብዳቤ ወጪ የለውም፤ ድንኳን ግን አለው። የትኛው ድንኳን ነው የሚሰጠው?

ጸሐፊ
ብቻዋን ሕግ አታወጣም፤ አውቃለሁ። ስለ ደሴ ለመናገር ግን አንድ አፍ ይበቃል።

ዕቃ ቤት
ያለው ሰማያዊው ነው። ነጩ ሐምሌ ላይ ነፋስ እንደቀደደው ነው፤ የሰፋውም የለም።

አባል 62
ሰማያዊው? የለቅሶው ድንኳን? ገና ሳትመረጥ ልትቀብሯት ነው እንዴ! ይህማ ሟርት ነው። እኔ አልፈርምም።

አባል 29
ኧረ በአላህ! ድንኳን ድንኳን ነው።

አባል 62
ለአንተ ነው ድንኳን የሆነው።

አባል 41
62 ትክክል ናት። ሰው ሰማያዊው ተተክሎ ሲያይ «ማን ሞተ?» ብሎ ነው የሚመጣው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትመጣም አትጠፋም።

አባል 29
መጥታ ዕጩዋን ካዳመጠች ምን ክፋት አለው?

አባል 33
ድንኳኑ ይቅርና በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወይም በመስጊዱ ግቢ ይሁን።

አባል 17
በቤተ እምነት ቅስቀሳ ክልክል ነው። ሴትዮዋን ልታስከስሷት ነው?

ጸሐፊ
ሦስት ነጥብ ነበር የጻፍኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሸራ ቀለም ነው የምናወራው። 62፣ በእንዲህ ያለ ነገር ሥራ ባታደናቅፊ።

አባል 62
አደናቃፊ ሆንኩ ማለት ነው? እናቴን የሸኘሁት እዚያ ሰማያዊ ስር ነው። ሦስት ቀን የመሀሉን ምሰሶ ተደግፌ ነው የተቀመጥኩት። እስካሁን ሳየው ጉልበቴ ይከዳኛል። መምህርቷን ከማናችሁም በላይ እወዳታለሁ። ያን ሦስት ቀን ውሃ ስትግተኝ የነበረችው እሷ ናት። ደስ ብሎኝ ላያት በምፈልግበት ቀን እዚያ ስር ልቀመጥ ነው?

ጸሐፊ
ይቅርታ አድርጊልኝ። አላስተዋልኩም ነበር።

ሐጂ
ነሐሴ 2013 ከወልዲያና ከቆቦ የመጡ ልጆች በዚያው ሰማያዊ ስር አድረዋል። ያኔ ማንም ሟርት አላለም። መምህርቷም ካርቶን መሬት ላይ ዘርግታ የየልጁን እግር በእርሳስ ትከብ ነበር፤ ጫማ በልካቸው እንዲመጣ። ከየት ናችሁ፣ የማን ናችሁ ስትል አልሰማኋትም። እኔ ከ1997 ወዲህ ለምርጫ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ አላውቅም። ዘንድሮ እነሳለሁ። ድንኳኑን በተመለከተ ግን፣ 62 ልጄ፣ ከከበደሽ ሰማያዊው ይቅር። ነጩ ይሰፋ።

አባል 41
ነጩ ይሰፋ። እደግፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ
በምን ብር? ፒያሳ ያለ ሸራ ሰፊ 4,500 ጠይቆኛል። ከቀብር ሒሳብ አንድ ብር አላወጣም፤ አስቀድሜ እንድታውቁት።

አባል 29
ነጩን በ2015 ስንገዛው እያንዳንዳችን 600 ብር አውጥተናል። እስካሁን ሳይሰፋ መቀመጡ ራሱ ያሳፍራል። ለሰርግ ቢከራይ ኖሮ የራሱን ወጪ ይሸፍን ነበር።

አባል 33
እሱን ነው እኔም የምለው። ለአባል በግማሽ፣ ከእድሩ ውጭ ላለ ሰው በሙሉ ዋጋ ይከራይ። ይህ በሐሳቡ ውስጥ አራተኛ ሆኖ ይግባ።

አባል 41
የወንበሩም ነገር ይታሰብበት። ባለፈው ሰርግ ስድስት ወንበር እግሩ ተሰብሮ ነው የተመለሰው። ማነው የከፈለ?

ዕቃ ቤት
ሰባት ነው። አንዱን ራሴ ጠግኜዋለሁ።

አባል 33
እንግዲህ ተከራይ መያዣ ያስይዝ። እሱም ይጻፍ።

አባል 17
ደብዳቤውስ? 8 እተይባለሁ ብሎ ነበር። የት ገባ?

ጸሐፊ
ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ አያነሳም። ወጣቶቹም አልመጡም። ደብዳቤውን በእጄ ጽፌዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ማህተም አለው?

ጸሐፊ
የለውም። 17 ያለው ልክ ነው ብዬ «እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረው የሰፈሩ ነዋሪዎች» በሚል ቀይሬዋለሁ። እስካሁን ሐጂን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። የድስቱንም ታሪክ አስገብቼበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ማህተሙ ቢኖርበት ደስ ይለኝ ነበር። ያን ምስር የበላነው እንደ እድር ነው።

አባል 29
ድንኳኑ ከተተከለ አይቀር ሌሎቹም ዕጩዎች ለምን አይጠሩም? በየተራ ይናገሩ፤ እኛም እንጠይቅ።

አባል 62
እኔ የምሰፋው ለእሷ ነው።

አባል 17
እኔ 29ን እደግፋለሁ። እሷም ብትጠየቅ የምትለው ይህንኑ ነው። «ሌላው አይናገር» ስትል የሰማ ሰው አለ?

አባል 62
የለም። እሺ ይጠሩ። መጀመሪያ የምትናገረው ግን እሷ ትሁን።

አባል 41
በዕጣ ይሁን እንጂ።

ጸሐፊ
ተራው እሁድ ይወሰናል። ለእሁድ የያዝኩት ይኸው፦ ነጩን ድንኳን ማሰፋት፣ የኪራይ ዋጋና መያዣ፣ የተሰበሩ ወንበሮች፣ ዕጩዎቹን ሁሉ መጥራት። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 4 ቀን ቀድሞ ቅስቀሳ ይቆማል፤ ከዚያ በፊት ካልተሰፋ ምንም ዋጋ የለውም። ቤት ለቤት የሚዞር እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ። መፈረም የሚፈልግ ማታ ማታ ቤት አለሁ።

ገንዘብ ያዥ
4,500ው የለም። በድጋሚ ልንገራችሁ።

ዕቃ ቤት
ሰፊ አያስፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ነጩን ግቢዬ ውስጥ እዘረጋዋለሁ። የተቀደደው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። የጆንያ መርፌ ያለው ይዞ ይምጣ። 62፣ ስፌትሽ ጥሩ ነውና እንዳትቀሪ።

አባል 62
እመጣለሁ። ክር አለኝ።