አዲስ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛን ችሎት ላይ የሚጥለው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኝነት መወዳደር የሚፈልግ የሕግ ባለሙያ ምን ቢዘጋጅ ይሻለዋል? አዋጁን አንብቦ መረዳት ይቻላል። የቸገረው ሥራው ላይ የት እንደሚሳሳቱ ማወቅ ነው። ፍትሐ ብሔሩንም ወንጀሉንም የምታውቁ እባካችሁ ጻፉ።

መልስ፣ ሹመትን በተመለከተ፦ ይህን ባጭሩ ልለፈው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ዕጩ ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ዝርዝሩ የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ 1233/2013 ላይ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ደግሞ ዳኛው ከጡረታ በፊት ከሥራው የሚነሳው በዲስፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የሥራ ችሎታና ቅልጥፍና ማነስ ወይም በሕመም ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያውም ጉባኤው ወስኖ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቀው። ቅልጥፍና እዚያ ውስጥ መግባቱን ልብ በሉ። መዝገብ ማጓተት ወንበር ያሳጣል።

መልስ፣ ከፍትሐ ብሔር በኩል፦ አዲስ ዳኛ የሚወድቀው ክስ በሚሰማበት በመጀመሪያው ቀን ነው። ክሱንና መልሱን ቀድሞ አንብቦ የታመነውንና የተካደውን ፍሬ ነገር ለይቶ ካልገባ ጭብጡ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ሊወስነው የሚገባው አከራካሪ ነጥብ፣ ይበላሻል፤ ጭብጥ ከተበላሸ ማስረጃውም ፍርዱም ተከትሎ ይበላሻል።

ብድር እንውሰድ። ከሳሽ 300,000 ብር አበድሬያለሁ ይላል፤ ተከሳሽ ብድሩን አምኖ ግማሹን በደረሰኝ ከፍያለሁ ይላል፤ ከሳሽ ደረሰኙ ላይ ያለው ፊርማ የኔ አይደለም ይላል። እዚህ ላይ «ተከሳሽ ሊከፍል ይገባል ወይስ አይገባም?» ብሎ ጭብጥ የያዘ ዳኛ ምንም አልያዘም። የሚያከራክረው ፊርማው የከሳሽ መሆን አለመሆኑ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙም የተከሳሽ ነው። ፊርማው ለምርመራ ሲላክ ዋናው ደረሰኝና ከሳሽ በዚያው ዘመን አካባቢ የፈረመባቸው ሌሎች ሰነዶች አብረው መሄድ አለባቸው። ፎቶ ኮፒ ብቻ ከተላከ ሳይመረመር ይመለሳል፣ ቀጠሮውም ባክኖ ይቀራል።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች ላይ በተለይ ለይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ ጊዜው አልፏል ለሚለው መቃወሚያ፣ ተጠንቀቁ። ጊዜው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርና ተቋርጦ እንደሆነ ሳያጣሩ መዝገብ መዝጋት የተለመደ ስህተት ነው። ይግባኝ ሰሚው ብይኑን ከሻረው በዚሁ ሕግ አንቀጽ 341 ወደ ሥር ይመልሰዋል፤ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል።

ሌላው መጥሪያ ነው። ተከሳሽ ባልቀረበበት «በሌለበት ይታይ» ከማለታችሁ በፊት መጥሪያው የደረሰበትን ማረጋገጫ መዝገቡ ውስጥ በዓይናችሁ እዩ። ያለዚያ ተከሳሹ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 78 ያስነሳዋል። ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ መጥሪያው መድረሱንና የምስክሮች ቃል የድምፅ ግልባጭ መያያዙን መፈተሽ ብዙ ቀጠሮ ያድናል።

ጠያቂው፦ እናመሰግናለን። ወንጀሉስ? ፍርድ አጻጻፍስ?

መልስ፣ ከወንጀል በኩል፦ ከዐቃቤ ሕግ ማስረጃ በኋላ ተከሳሹ ይከላከል ወይስ ይሰናበት ተብሎ የሚሰጠው ብይን ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። የተከሰሰበትን አንቀጽ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊ (የድርጊቱን) እና ሞራላዊ (የሐሳቡን) ፍሬ ነገሮች ወረቀት ላይ ዘርዝሩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የሚያስረዳውን ምስክር ወይም ሰነድ ጻፉ። አንዱ ባዶ ከቀረ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 ነው፣ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበታል። ከተሞላ በ142 ይከላከል። ብይኑ ውስጥ ግን ጥፋተኛ ያደረገ የሚመስል ዐረፍተ ነገር አይግባ፤ ተከሳሹ ገና አልተከላከለም።

ፍርድ ላይ የክርክሩን ታሪክ አሥር ገጽ ተርኮ ምክንያቱን በሁለት መስመር መጨረስ ትልቁ ድክመት ነው። ተሸናፊው ለምን እንደተሸነፈ ከራሱ ፍርዱ መረዳት አለበት፤ ለዚህ ለአንባቢው የሚገባውን ክብር ስጡት።

ቅጣት ሲሰላ ድርጊቱን ያንን ወንጀል ያሰኘውን ነገር መልሶ የቅጣት ማክበጃ አድርጎ መያዝ ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። ለማረሚያ ቤት በሚጻፈው ትእዛዝ ላይ ደግሞ ተከሳሹ የተያዘበት ቀን በትክክል ይስፈር። እዚያ ላይ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ሰው ከተፈረደበት በላይ ታስሮ ይቆያል።