ለ240 ሜትር የጠጠር መግቢያ የትኛው ትራክተር፣ የትኛው ስኖውብሎወር?

ጠያቂ፦ ጥድ ሥር (ሰሜን ሚኒሶታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከከተማ ወጥተን ከዱሉዝ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ቤት ከገዛን ይህ ሁለተኛው ክረምታችን ነው። ቤቱን ወደነዋል፤ መግቢያው ግን ፈተና ሆኖብናል። ከዋናው መንገድ እስከ ጋራዣችን 240 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ወለሉ ጠጠር። ከዋናው መንገድ ሲታጠፉ የመጀመሪያው 80 ሜትር በገላጣ ሜዳ ላይ ያልፋል፤ የምዕራቡ ነፋስ እንደ ልቡ ይጫወትበታል። ከዚያ በጥድ ዛፎች መካከል ይዘልቅና ቤቱ አጠገብ ዳገት ይሆናል።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት መውጣት አለባት። እስካሁን በረዶውን በእጅ በሚገፋ ባለ 28 ኢንች ስኖውብሎወር፣ ማለትም በረዶ እየዛቀ በሚወረውር ማሽን ነው የምጠርገው። አምስት ጊዜ መመላለስ ስላለብኝ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ማሽን እየገፋሁ እሄዳለሁ፤ ጠርጌ ስጨርስ ሜዳው ላይ ያለው እንደገና ተሞልቶ ይጠብቀኛል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2022/23ን ክረምት እያነሡ ያስፈራሩናል፤ ያን ጊዜ ዱሉዝ ላይ 140 ኢንች፣ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ በረዶ ተመዝግቧል።

ትራክተር ለመግዛት ወስነናል። ትንሹን ዓይነት፣ እንደ ጆን ዲር 1025አር ወይም ኩቦታ ቢኤክስ ያለውን ልግዛ ወይስ ከፍ ያለውን? ስኖውብሎወሩስ ከፊት ይገጠም ወይስ ከኋላ? ጠጠሩንስ እንዴት አድርጌ ላትርፈው?

መልስ፦ መካኒኩ (ሴንት ፖል)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የምታነሣውን ክብደት አስብ። በአንተ መግቢያ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር በረዶ ሲወርድ 250 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ደረቅና ቀላል በረዶ በሜትር ኩብ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ 25 ቶን ሆነ ማለት ነው። እርጥብ ሲሆን ከዚያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአካፋ ምላጭ ወደ ጎን እየገፋህ ብታከማች እስከ የካቲት ድረስ ግራና ቀኙ ግንብ ሆኖ የምትገፋበት ቦታ ታጣለህ። ስለዚህ መግፋት ሳይሆን መወርወር ያዋጣሃል፤ ስኖውብሎወር ማሰብህ ትክክል ነው።

ስለ ጉልበቱ፦ ሻጩ የሚነግርህ የሞተሩን ፈረስ ጉልበት ነው። አንተ መጠየቅ ያለብህ የፒቲኦውን ነው፤ ማለትም ማሽኑን በሚያዞረው የኃይል ማውጫ ዘንግ ላይ የሚደርሰውን። በትንሾቹ ትራክተሮች ይህ ከ20 በታች ነው። ብዙዎች እንደ መነሻ የሚይዙት ለእያንዳንዱ ጫማ (12 ኢንች) ስፋት ወደ 5 ፈረስ ጉልበት ነው። በዚህ ስሌት ትንሹ ትራክተር ባለ 48 ወይም ባለ 50 ኢንች ማሽን በዝግታ ያሠራል፤ ባለ 60 ኢንች ከፈለግህ ግን ፒቲኦው ላይ 25 ገደማ ያስፈልግሃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። አሜሪካ ውስጥ በአዲሶቹ የጭስ ደንቦች ምክንያት ከ25 ፈረስ ጉልበት በላይ የሆኑ አዳዲስ የናፍታ ሞተሮች አብዛኞቹ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው በየጊዜው ግሎ ጥላሸቱን ማቃጠል አለበት፤ ሞተሩን አስነሥቶ ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ዙር ማቆየት አይስማማውም። ሞተሩን በደንብ አሙቀህ በሙሉ ዙር የምታሠራው ከሆነ ግን አያስቸግርህም፤ ስኖውብሎወር ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የምትገዛው ትራክተር ሃይድሮስታቲክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ ማርሽ ይኑረው። ፍጥነትህን በእግርህ እስከ ኤሊ እርምጃ ድረስ ስትቀንስ የማሽኑ ዙር አይወርድም። በተራ ማርሽ በየሁለት ሜትሩ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ታድራለህ።

መልስ፦ የአልበርታዋ ገበሬ

እኔ ከፊት የሚገጠመውን እመክራለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ከኋላ የሚገጠመው ወደ ኋላ እየነዱ የሚሠሩበት ስለሆነ 240 ሜትር ሙሉ አንገትህን ጠምዝዘህ ነው የምትሄደው፤ ያውም በጨለማ፣ በወፍራም ልብስ። ከፊት ሲሆን የምትጠርገውን ታየዋለህ፣ በረዶው የሚወጣበትን አሸንዳም ወደ ነፋሱ መሄጃ እያዞርህ ትወረውራለህ። ዋጋው ግን ከኋላው ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው፤ ትራክተሩም የመሐል ፒቲኦ (ከሆዱ ሥር የሚወጣ ዘንግ) ወይም ኃይሉን ወደ ፊት የሚያደርስ ተጨማሪ ዕቃ ያስፈልገዋል። የፊት አካፋውንም ማውለቅ ግድ ይሆናል።

ከማሽኑ በፊት ግን ሜዳውን አስተካክል። የአንተ ትልቁ ችግር ከሰማይ የሚወርደው ሳይሆን ነፋሱ እያንከባለለ የሚያመጣው ነው። በነፋሱ መምጫ በኩል የበረዶ አጥር ትከል። አጥሩ ከመንገዱ የሚርቀው የቁመቱን 35 እጥፍ ያህል ይሁን፤ አጥርህ 1.2 ሜትር ከሆነ 42 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው ለመንገዱ አስጠግቶ ይተክልና ክምሩን ራሱ መንገዱ ላይ ይጠራዋል። የናንተው የሚኒሶታ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እንኳ በአውራ ጎዳና ዳር ያሉ ገበሬዎች ጥቂት ረድፍ በቆሎ ሳያጭዱ እንዲተዉለት ገንዘብ ይከፍላል፤ የቆመው አገዳ በረዶውን ይይዝለታል።

መልስ፦ ጡረተኛው (ሰሜናዊ ኒውዮርክ)

ልጄ፣ እኔ ከኦንታሪዮ ሐይቅ በስተምሥራቅ ነው የምኖረው፤ እዚህ ሐይቁ የሚያመጣው በረዶ በአንድ ሌሊት እስከ ወገብ ሊደርስ ይችላል። ከእኅታችን ጋር የማልስማማው በአንድ ነገር ነው፦ ለጠጠርና ለዳገት ከኋላ የሚገጠመው ይሻላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከትራክተሩ ኋላ ባሉት ሦስት ማያያዣዎች ታያይዘዋለህ፣ ዘንጉን ትሰካለህ፣ አለቀ። ክብደቱ የኋላ ጎማዎችን ይጫናል። ወደ ኋላ ስትነዳ ማሽኑ ቀድሞ ስለሚገባ ጎማው በረዶውን አይረግጥብህም። የፊት አካፋውም ቦታው ላይ ይቆይልሃል፤ እርሱ ደግሞ የግድ ያስፈልግሃል። የመንገድ ጠራጊው መኪና ሲያልፍ በመግቢያህ አፍ ላይ የሚደፋው ክምር ጨው የነካው፣ የጠነከረ ግግር ነው፤ እርሱን በአካፋ አንሣው። ወደ መንገዱ አሻግረህ ግን አትግፋው፤ በሚኒሶታ ሕግ በረዶ ወደ ሕዝብ መንገድ መግፋትም መወርወርም ክልክል ነው።

ጠጠሩን የምታተርፈው ክረምቱ ሲጀምር ነው። መሬቱ ገና ሳይረጋ የወረደውን የመጀመሪያ በረዶ አትጥረገው፤ በመኪና እየተመላለስህ ርገጠው። ጠጥሮ ሲያድር ወለል ይሆንልሃል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ከላዩ ላይ ትጠርጋለህ። መሬት ላይ የሚንሸራተቱትን የማሽኑን ሁለት የጎን ጫማዎች ደግሞ ምላጩ ከመሬት ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አድርገህ እሰራቸው። ለአካፋው አንድ ዘዴ ልንገርህ፦ የብረት ቧንቧ በቁመቱ ሰንጥቀህ በአካፋው ስለት ላይ አጥልቀው። ክቡ ጠርዝ ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይቆፍርም።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የቧንቧውን ነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሜዳው የጎረቤቴ ነው፤ ስለ አጥሩ አነጋግሬው ሣሩን እስካጭድ ድረስ ይቁም፣ ከዚያ ንቀለው ብሎኛል።

ጋቢና ያለው ትራክተርም ከፊት የሚገጠም ማሽንም ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ ወደ 33 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ያገለገለ፣ ጋቢና የሌለው ትራክተርና ከኋላ የሚገጠም ባለ 60 ኢንች ማሽን አግኝቻለሁ። አሁን የሚያስፈራኝ ዳገቱ ነው። ቤቱ አጠገብ በረዶው ሲረጋ መስተዋት ይሆናል።

መልስ፦ መካኒኩ

መፍራትህ ተገቢ ነው። የእነዚህ ትራክተሮች ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። በበረዶ ቁልቁለት ስትወርድ የኋላዎቹ ተንሸራተቱ ማለት ፍሬን የለህም ማለት ነው። ስለዚህ ከመውረድህ በፊት አራቱንም ጎማ አስገባ፤ ያኔ ሞተሩ በፊት ጎማዎችም በኩል ይይዝሃል። በከባዱ ማርሽ ውረድ፣ ማርሹን በፍጹም ባዶ አታድርግ፣ የፊት አካፋውን ዝቅ አድርገህ ያዝ። መገልበጫ መከላከያው ብረት ቆሞ፣ ቀበቶህ ታስሮ ይሁን።

አር4 የሚባለው የኢንዱስትሪ ጎማ በረዶ ላይ ያንሸራትታል። ለኋላ ጎማዎች ሰንሰለት ግዛ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ሰንሰለቱን የሚያሳልፍ ክፍተት መኖሩን እይ። ጎማው ውስጥ የማይረጋ ፈሳሽ ማስሞላትም ክብደት ይጨምርልሃል።

ናፍታው ሌላው ጉዳይ ነው። ተራው ቁጥር 2 ናፍታ በብርድ ሰም ይቋጥርና ፊልትሮውን ይደፍነዋል። የክረምቱን ድብልቅ ቅዳ፤ ናፍታው እንዳይረጋ የሚከላከለውን ፈሳሽም ብርዱ ሳይመጣ ጨምር፤ ከረጋ በኋላ ቢጨምሩት እምብዛም አይረዳም። የሞተር ማሞቂያውን ከመነሣትህ ሁለት ሰዓት ቀድሞ እንዲበራ በሰዓት መቆጣጠሪያ አገናኘው።

መልስ፦ የአልበርታዋ ገበሬ

ከኋላ የሚገጠመውን ከመረጥህ ሰፊ መስተዋት ግጠምበት፣ ወፍራም የፊት መሸፈኛም ይኑርህ፤ ጋቢና ከሌለ የተወረወረው ዱቄት ተመልሶ ፊትህ ላይ ነው።

የሚሰበረውን ብሎን ነገር ማንም አላነሣውም። ጠምዛዛው ምላጭ ድንጋይ ወይም የቀዘቀዘ ግንድ ሲይዝ ማርሽ ሳጥኑ እንዳይፈነዳ ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ብሎን አለ። ሲሰበር በጠንካራ ብሎን አትተካው፤ ያንኑ ዓይነት ግዛ። ብሎኖቹን፣ ሁለት ቁልፍ፣ መዶሻና ቀጭን የብረት ዘንግ በአንድ ቆርቆሮ አድርገህ መቀመጫው ሥር አስቀምጥ። ሌሊት ሲሰበር ቀዳዳዎቹ እስኪገጥሙ ምላጩን ታዞርና የተሰበረውን ቁራጭ በዘንጉ መትተህ ታወጣለህ፤ ጓንት አውልቀህ የምትቆይበት ጊዜ አጭር ይሁን።

አሸንዳው ሲደፈን ደግሞ እጅህን አታስገባ። ፒቲኦውን አጥፋ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ በእንጨት አውጣው። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን የታመቀው በረዶ ምላጩን ወጥሮ ሊይዘው ይችላል፤ ሲለቀቅ ይሽከረከርና ጣት ይቆርጣል። የአንገት ልብስህንም ጃኬቱ ውስጥ ክተተው፤ የሚዞረው ዘንግ ጫፉን ከያዘ አይለቅህም።

መልስ፦ ጡረተኛው

ትራክተሩን ልታይ ስትሄድ ሜትር ያዝ። የኋላ ጎማዎቹን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለካ፤ ሰንሰለት ሲገባበት የሚጨምረውንም አስላ። ማሽኑ ከዚያ መስፋት አለበት፤ ባለ 60 ኢንች ካልበቃ ጎማው ያልተጠረገ በረዶ ላይ እየወጣ ያስቸግርሃል። ለሻጩም ቀድመህ ደውልና ከመድረስህ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሣው ንገረው። በብርድ እንዴት እንደሚነሣ ራስህ ቆመህ እይ።