የጮቄ ዝናብ ሞዴሌ ላይ ቀድሞ እየዘነበ ተቸገርኩ

ለዶክትሬት ጥናቴ የጎጃሙን የጮቄ ተራራ የክረምት ነጎድጓድ በደብልዩአርኤፍ (WRF፣ የአየር ሁኔታን በኮምፒውተር የሚያሰላ) ሞዴል እየሠራሁ ነው። መነሻ መረጃዬ ኢአርኤ5 (ERA5፣ ያለፈውን የአየር ሁኔታ ከምልከታና ከሞዴል አጣምሮ የሚሰጥ የዓለም መረጃ) ነው፤ ሞዴሉ ቦታውን የሚከፋፍልባቸው ካሬዎች ስፋት በውጪው ፍርግርግ 9፣ በውስጡ 3 ኪሎ ሜትር ነው።

ሰዓቱ አልገጥም አለኝ። ባለፈው ነሐሴ በረዶ የአጎቴን ገብስ መሬት ላይ ሲያነጥፈው 10 ሰዓት ነበር፣ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የሳተላይቱ የግማሽ ሰዓት መረጃም ከዚያው ይቀራረባል። ሞዴሉ ግን ዝናቡን 7 ሰዓት ላይ ያወርደዋል። የአየር ሁኔታ ጣቢያው የዝናብ መለኪያ በቀን አንዴ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሚነበብ ሰዓቱን አይነግረኝም።

በውስጡ ፍርግርግ የደመና ግምታዊ ስሌቱን (ከፍርግርጉ ካሬ ያነሱ ደመናዎችን በግምት የሚያሰላውን ክፍል) አጠፋሁት። በረዶ የሚያካትት የደመና ፊዚክስም ሞከርኩ። የዝናቡ መጠን ተሻሻለ፤ ሰዓቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱ ሙከራ 4 ቀን ስለሚፈጅ ሁሉን መሞከር አልችልም።

ተራራማ ቦታ ላይ የሠራችሁ፣ ቀድሜ የትኛውን ልቀይር፦ መሬት አጠገብ ያለውን የአየር ንብርብር ስሌት ወይስ የአፈሩን መነሻ እርጥበት?