«ሌላ ቦታ ይሄዳል» የተባለው አጋዘን የት ነው የሚሄደው?

የዲንሾ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «ባሌ ፓርክ ሰፊ ነው፤ ገይሳይ ሣር ሜዳ ላይ ከብት ቢግጥ አጋዘኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል» ተባለ። በጣም ነው የተናደድኩት። የት ነው የሚሄደው? ፓርኩ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዎ። ግን የደጋ አጋዘን ሣርና ጥሻ ጎን ለጎን ይፈልጋል። ጠዋትና ማታ ሜዳ ላይ ይግጣል፤ ቀን ጽድና ኮሶ ሥር ይጠለላል። ገይሳይና ዲንሾ ሁለቱም አለ። ዛፍ በሌለው የሳነቴ አምባ ላይ ምን ሥር ይደበቅ?

ፈረሰኛው፦ ወንድሜ፣ እኔም የባሌ ልጅ ነኝ። አያቶቻችን በጎዳንቱ፣ በየወቅቱ ወደ ደጋ ግጦሽ በመውጣት ልማድ፣ ከብት ይዘው ይወጡ ነበር። አጋዘኑም ነበር። ዛሬ ላሟ ጥፋተኛ ሆነች?

የዲንሾ ልጅ፦ አያቶቻችን ይመለሱ ነበራ! ወቅቱ ሲያልፍ ይወርዳሉ፤ ሣሩ ያገግማል። አሁን ጎጆ ተቀልሶ፣ ገብስ ተዘርቶ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው።

ፈረሰኛው፦ ወዶ የወጣ መሰለህ? ታች ያለው ግጦሽ ታርሶ አለቀ። ለአጋዘን «የት ይሂድ» ትላለህ። ሰውስ የት ይሂድ?

መምህርቷ፦ ቀይ ቀበሮንም አትርሷት። ሳነቴ 4,000 ሜትር ላይ የምትኖረው ምግቧ እዚያ ስላለ ነው። የምትበላው ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም። ሐረና ጫካ ለአንበሳ ይመቻል፤ ለእሷ አይሆናትም። በዓለም የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ባሌ ነው ያሉት። ከብቱን ተከትሎ የሚወጣው ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣባታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 እና በ2008 ስንቶቹ አለቁ!

ደገኛው፦ ቀበሮ አትበሉ፤ ተኩላ ናት።

ፈረሰኛው፦ እኛ በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ነው የምንላት። ስሟን ከሚያውቃት ሰው ጠይቁ።

መምህርቷ፦ የስሙ ነገር ይቆየን እባካችሁ።

የዲንሾ ልጅ፦ እኔ «ሌላ ቦታ» የሚለውን አለቅም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ፓርኩ ጠባቂ አጣ፤ ብዙ አጋዘን ተገደለ። ከተረፉት ብዙዎቹ ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ነው የተጠለሉት። ሌላ ቦታ ቢኖር ሰው ደጃፍ ይመጡ ነበር?

ፈረሰኛው፦ እሺ፣ አጋዘኑ ግቢ አገኘ። ለእኔ ላሞች ግን እስካሁን አንድ ቦታ ያሳየኝ የለም።