ኃይለኛ መቺ የሆነ ዊኬት ኪፐር በቴስት ክሪኬት ስንተኛ ላይ ይግባ?

የዱባዩ፦
ሰላም ወገን። እዚህ ቤት ክሪኬት የሚከታተል ሰው መኖሩን እንጃ፣ ግን ልሞክር። የምሠራው ዱባይ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ህንዶችና ፓኪስታኖች ስለሆኑ ሳልወድ በግዴ የቴስት (የአምስት ቀኑ ክሪኬት) ሱሰኛ አድርገውኛል። አሁን ያልተስማማነው በህንዱ ዊኬት ኪፐር (ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዘው ሰው) በሪሻብ ፓንት ጉዳይ ነው። ህንድ ለመምታት በተራ 5ኛ ላይ ታስገባዋለች፣ እኔ ግን 7ኛ ይግባ ባይ ነኝ። ኪፐሩ አዳም ጊልክሪስት ለአውስትራሊያ 96 ቴስት ሲጫወት ዋና ቦታው 7ኛ ነበር። 17 ሴንቸሪ (አንዴ ገብቶ 100 ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ ወይም ከዚያ በላይ መምታት)፣ አማካዩ (አንዴ እስኪወጣ የሚመታው) ከ47 በላይ፣ በ100 ኳስ ወደ 82 ራን! ቦውለሮቹ (ኳስ ወርዋሪዎቹ) ደክመው ኳሱም ካረጀ በኋላ እየመጣ ነው እንደዛ ያስለቀሳቸው። ፓንትስ ለምን እንደሱ አይደረግም? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ጭራሽ 3ኛ ይግባ ይላል። እስኪ የምታውቁ ፍረዱን።

ሜልበርን ነኝ፦
ወንድሜ፣ የጊልክሪስትን ነገር ሁሉም ሰው የሚያነሳው ግማሹን ብቻ ነው። ሰውየው 7ኛ የገባው ቦታው ስለተመቸው ብቻ እኮ አይደለም፣ ከላይ ክፍት ቦታ ስላልነበረ ነው። ላንገር፣ ፖንቲንግ፣ ስቲቭ ዎ፣ በኋላም ሄይደን ባሉበት ቡድን ማንን አስነስተህ ታስገባዋለህ? እንደሱ ዓይነት ቡድን ያለው አገር ኪፐሩን 7ኛ ማስገባት ቅንጦቱ ነው።

ደግሞ 7ኛ የገባ ሁሉ የደከመ ቦውለር አይጠብቀውም። 1999 ሆባርት ላይ ከፓኪስታን ጋር የነበረውን ጨዋታ ፈልገህ እየው። ጊልክሪስት ገና ሁለተኛ ቴስቱ ነው። አውስትራሊያ ለማሸነፍ 369 ራን ያስፈልጋታል፣ 126 ላይ 5 ሰው ወጥቶባታል። ከላንገር ጋር 238 ጨምረው፣ እሱ 149 ላይ ሳይወጣ ጨዋታው በድል አለቀ። ይሄ የተዘረጋ ምንጣፍ ላይ መራመድ ነው እንዴ?

ስለ አሮጌው ኳስም አትሳሳት። ከ80 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) በኋላ ካፒቴኑ አዲስ ኳስ መጠየቅ ይችላል፣ አዲስ ኳስ ደግሞ ለመቺ ይከብዳል። ከላይ ያሉት በደህና ቀን ረጅም ሰዓት ከቆዩልህ 7ኛው ሰው የሚገባው ልክ አዲሱ ኳስ ሲመጣ ነው። መቺ ደግሞ ሁልጊዜ ከአንድ ሌላ መቺ ጋር ነው ሜዳ ላይ የሚቆመው። ከዛ አጠገቡ ያሉት ከ8ኛ እስከ 11ኛ ያሉ ቦውለሮች ናቸው፣ አንድ በአንድ ሲወጡበት ፓንት ምን ያደርጋል? አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

ቁጢጥ ባዩ፦
የ3ኛውን ሐሳብ ያመጣው ጓደኛህ አንድ ቀን የኪፐር ጓንት አድርጎ ይሞክረው 😂 የቴስት ቀን 90 ኦቨር ነው። በስድስት ስታበዛው 540 ኳስ፣ ማለትም 540 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መነሳት። በሁለቱ ኢኒንግ (የቡድኖቹ የመምታት ተራ) መሀል ያለው ፋታ 10 ደቂቃ ብቻ ነው። የጉልበት መከላከያህን ፈተህ ሌላ እስክታስር አለቀ። መክፈቻውማ (1ኛ ወይም 2ኛ መግባት) ጭራሽ አይታሰብም። 3ኛ የሚገባም በመጀመሪያው ኦቨር ሰው ከወጣ ያው መክፈቻ ማለት ነው።

ማስረጃ ከፈለግክ ሳንጋካራን ተመልከት። የስሪላንካው ሊቅ ጓንት አድርጎ በተጫወተባቸው ቴስቶች አማካዩ 40 ገደማ ነበር። ጓንቱን አውልቆ ባትስማን (መቺ) ብቻ ሲሆን ከ66 በላይ ወጣ። ያው ሰው፣ ያው እጅ! እርግጥ ልዩነቱ በሙሉ የድካም ነው አልልም፣ ኪፐር የነበረው በአብዛኛው በወጣትነቱ ነው። የእንግሊዙ አሌክ ስቱዋርትም ግን ተመሳሳይ ነው፣ ከ46 በላይ የነበረው አማካይ ኪፐር ሲሆን 35 አካባቢ ወረደ።

የዱባዩ፦
እሺ፣ 3ኛው ቀረ፣ ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ። 5ኛው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። 2025 ሊድስ ላይ ምን ሆነ? ፓንት 134 እና 118 መታ። በአንድ ቴስት ሁለት ሴንቸሪ የመታ ኪፐር ከዚምባብዌው አንዲ ፍላወር ቀጥሎ እሱ ብቻ ነው። ህንድ ግን ተሸነፈች! በመጀመሪያው ኢኒንግ የመጨረሻዎቹ 7 ሰዎች በ41 ራን፣ በሁለተኛው 6ቱ በ31 ራን ረገፉ። ፓንት ታች ቢሆን ኖሮ ያንን አያቆመውም ነበር?

ሜልበርን ነኝ፦
እሱ ታች የሚገቡት ቦውለሮች አለመምታታቸው ችግር ነው እንጂ የፓንት አይደለም። ታች ብታወርደው ጅራቱ (ታች ያሉት ደካማ መቺዎች) አይረዝምም፣ ያንተ ምርጥ መቺ ግን ጊዜ ያጥረዋል። 134 ለመምታት ጊዜም፣ አጠገብህ የሚቆም ሰውም ያስፈልግሃል። 2022 ኤጅባስተን ላይ ህንድ 98 ላይ 5 ሰው ወጥቶባት ነበር። 5ኛ የገባው ፓንት በ111 ኳስ 146 መታ፣ ግን ያንን ሁሉ ሲመታ የቡድን ጓደኛው ጃዴጃ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቆሞለት ነው፣ 222 አብረው ጨመሩ። 7ኛ ቢሆን ኖሮ ከማን ጋር ነበር?

ቁጢጥ ባዩ፦
እኔ በመሀል ነኝ። ለአብዛኛው ቡድን 6ኛ ይሻላል። ኪፐሩ 6ኛ ላይ አስተማማኝ ከሆነ 7ኛውን ለኦልራውንደር (መምታትም መወርወርም ለሚችል) ትሰጥና አምስት ቦውለር ይዘህ ትገባለህ። ትልቁ ትርፍ እሱ ነው፣ ሰው ግን ስለ ሲክስ (ስድስት ራን የሚያስገኝ ምት) ብቻ ነው የሚያወራው።

ደግሞ ማን ነው ቁጥሩን በድንጋይ የቀረጸው? 2021 ብሪዝበን፣ ጋባ ላይ ህንድ 328 ስታሳድድ ፓንትን ከባትስማኑ አጋርዋል አስቀድማ 5ኛ ላከችው። 89 ላይ ሳይወጣ ጨረሰው፣ ከ1988 ጀምሮ እዛ ሜዳ ላይ ያልተሸነፈችው አውስትራሊያ ተሸነፈች። ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ቁጢጥ ሲል ከዋለ አንድ ደረጃ አውርደው፣ ራን ማሳደድ ሲሆን ከፍ አድርገው። ካፒቴኑ ዓይን የለውም እንዴ?

የዱባዩ፦
ይሄኛው ያስማማናል መሰለኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጓንቱን ለሌላው የህንድ ኪፐር ለጁሬል ሰጥቶ ፓንት ባትስማን ብቻ ቢሆንስ?

ቁጢጥ ባዩ፦
ያኔ 4ኛም ይግባ፣ አልከራከርህም።

ሜልበርን ነኝ፦
እኔ እከራከራለሁ። ነገ ግን፣ አሁን ሥራ ልገባ ነው።