የስጦታ ሰዓት ያለ ደረሰኝ በዋራንቲ ይሠራልኝ ይሆን?

የሽንኩርቱ ሾፌር (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰዓት የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

ዱባይ የምትሠራ ታናሽ እህት አለችኝ። ኅዳር ላይ ለልጄ ክርስትና መጥታ፣ እጄን ሳብ አድርጋ አንድ የጃፓን ሰዓት አሰረችልኝ። "ጋሽዬ፣ ያቺን አሮጌህን አሁንስ ጣላት" አለችኝ። ፊቱ ጥቁር፣ ማሰሪያው ብረት፣ ጀርባው ላይ 5 ባር የሚል (የውሃ መቋቋሚያው ልክ) የተጻፈበት። ማርካውን አልጠራም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሰው ስም አላነሳም።

ጥምቀት ዕለት እንደ ሰው ሁሉ ጸበል ተረጨሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ላብ ይላል። ሥራዬ ከሸዋ ሮቢት በአይሱዙ ሽንኩርት መጫን ነው። ቆላው ላይ እያለሁ ሰዓቱ ጥርት ያለ ነው። ደብረ ሲናን አልፌ ጣርማበር ላይ ብርዱ ሲቀበለኝ፣ ከመስታወቱ ውስጥ በ6 ቁጥር በኩል ነጭ ጉም ይነሳና እስከ መሐሉ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ገብቼ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ስል ቀስ እያለ ይጠፋል። እስካሁን አልቆመም፣ ደቂቃም አላጓደለም።

አዲስ አበባ ጭነት ባራገፍኩበት ቀን ማርካውን የሚሸጥ ሱቅ ጎራ አልኩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አላመናጨቀኝም። "ደረሰኝ ወይም ማህተም ያረፈበት የዋራንቲ ካርድ" አለ። ካርዱ ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ግን ባዶ ነው። ቀን የለው፣ ማህተም የለው፣ የሱቅ ስም የለው። ስጦታ ነው ስለው "ቢሆንም" አለኝ።

ጭንቄ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ደረሰኙን ላኪ ማለት ስንት ገዛሽው ማለት ነው። ስጦታ ተቀብሎ ዋጋ ይጠየቃል? ደግሞ ተበላሸ ብላት አመሏን አውቀዋለሁ፣ "ሌላ እልክልሃለሁ" ነው የምትለው። እናታችን ከሰማችማ አለቀልኝ። እህቴ ሳትሰማ የሚያልቅበት መንገድ ያለው ይንገረኝ።

መንዜው

አንተ ደግሞ! ለአንድ ጉም ብለህ ዱባይ ድረስ? መናኸሪያው አጠገብ ካሉት ሰዓት ሠሪዎች ለአንዱ ስጠው፣ ከፍቶ አድርቆ ይሰጥሃል። ካልሆነ ሩዝ ውስጥ ቅበረው።

ባለ ሎፑ (አዲስ አበባ)

ከመንዜው ጋር ጠብ የለኝም፣ እኔም የመንዝ ሞላሌ ልጅ ነኝ። ግን ወንድሜ፣ እንዳታስከፍተው። ሰዓት መጠገን እንጀራዬ ነው፤ ክዳኑ ላይ የሌላ ሰው መክፈቻ ጭረት ከታየ "ውጭ ተከፍቷል" ይሉና ዋራንቲው በዚያው ያከትማል። ሩዙም ቀልድ ነው። ሩዙ ውጭ፣ ውሃው ውስጥ፣ በመሐል የታሸገ ብረት አለ። ምድጃውንም ተወው፣ ሙቀት ላስቲኩን ያደክመዋል።

የሆነው ነገር ይህ ይመስለኛል። ከክዳኑ ሥርና ከጎን ባለችው መሙያ ዙሪያ ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አለ፤ ልክ እንደ መኪናህ ኦሪንግ። አንዱ በደንብ አልተቀመጠም። የገባው እርጥበት ቆላ ላይ ተንኖ አይታይህም፤ ጣርማበር ላይ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ እሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ይሠራል ብለህ አትዘናጋ፣ ዝገት ከውስጥ ነው የሚጀምረው። እስከዚያው አታድርገው።

መብትህን በተመለከተ፣ 5 ባር ያለው ሰዓት የጸበል ርጭት ሊያስገባ አይገባም። 3 ባርም ቢሆን ርጭት ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የፋብሪካ ጉድለት ነው ብለህ መከራከር ትችላለህ። እነሱ የሚጠይቁህ ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ "ያን ቀን መሙያው ተጭኖ ነበር ወይስ ወጥቶ?" ወጥቶ ከነበረ ጥፋቱ የባለቤቱ ይባላል። ባትሪ፣ መስታወትና ማሰሪያም ብዙውን ጊዜ ዋራንቲ ውስጥ አይገቡም።

የባዶ ካርድ ጉዳይ የሱቁ ልጅ ክፋት አይደለም። የስዊሱን ሰዓት ቲሶን ብትወስድ፣ የሁለት ዓመት ዓለም አቀፍ ዋስትናው የሚሠራው ካርዱ ላይ ቀን ተሞልቶ የሕጋዊ ሻጭ ማህተም ሲያርፍበት ነው፤ ራሳቸው ጽፈውታል። የአንተ ሴይኮ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ሲሪያል አለ። የመጀመሪያው አሃዝ የፈረንጅ ዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው፣ ሁለተኛው ወሩ፤ ከ1 እስከ 9 በቁጥር፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኦ፣ ኤን፣ ዲ በሚባሉት ፊደሎች። ግን የሚነግርህ የተሠራበትን ጊዜ ነው፣ የተሸጠበትን አይደለም። ሰዓቱ ድሮ የተሠራ አለመሆኑን ለማሳየት ይረዳሃል፣ ደረሰኝ ግን አይተካም። ዞሮ ዞሮ እህትህ ጋ መድረስህ አይቀርም።

ጠበቃ ነኝ ባይ

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልጨምር። በሸማቾች ጥበቃው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚባለው ዋጋውን ራሱ የከፈለ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ሰው የከፈለለትም አለበት። ስለዚህ ስጦታ ተቀባይ ነህ ተብለህ አትገፋም። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ አስቀይሩ ወይም ገንዘብ አስመልሱ የሚለውም እዚያው ነው፤ የተሻለ ዋስትና ካለ እሱ እንደተጠበቀ ሆኖ። አንተን ግን ይህ አይረዳህም። አዲስ አበባ ያለው ሱቅ ምንም አልሸጠልህም፣ 15 ቀኑም ድሮ አልፏል። እጅህ ላይ ያለው የፋብሪካው ዋስትና ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በወረቀቱ ነው የሚመራው።

ለሌሎቻችሁ፣ እዚህ አገር የተገዛ ስጦታ የደረሳችሁ ካላችሁ ቀኗን አትዘንጓት።

ከዴይራ

ወንድምዓለም፣ እኔም ዱባይ ነኝ፣ ለወንድሜ ሰዓት ገዝቼ አውቃለሁ። በእህትህ ቦታ ሆኜ ልንገርህ። የምንከፋው ተበላሸ ስትሉን አይደለም። ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁበት ከዓመት በኋላ ስንመጣ እጃችሁን ባዶ ስናየው ነው የምንከፋው።

ዋጋውን አትጠይቃት። "ከየትኛው ሱቅ ነው፣ በካርድ ነው በጥሬው የከፈልሽው?" በላት። እዚህ አገር በፈረንጅ ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስላለ ሕጋዊ ሱቅ የሸጠውን ይመዘግባል። በስልክ ቁጥሯ የተመዘገበች ከሆነ ቅጂ ማውጣት አይቸግራቸውም። በካርድ ከፍላ ከሆነም ስልኳ ላይ ባለው የባንኳ መተግበሪያ ቀኑና የሱቁ ስም ይታያል፣ ሱቁም በዚያ ይፈልገዋል። ወረቀቱ ካላት ፎቶ አንስታ ትላክልህ፣ ዋጋውን በጣቷ ትሸፍነው። ለዋራንቲ ቀኑ፣ የሱቁ ስምና የሰዓቱ ሞዴል ነው ቁም ነገሩ። ቶሎ በሉ ግን፤ የሱቅ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየመኝ። ምናልባት ከመንገድ ላይ ገዝታው ከሆነ ጥያቄህ ያሳፍራታል። "ደረሰኝ ከሌለም ችግር የለም፣ እዚሁ አሠራዋለሁ" የምትለዋን ቃል አስቀድም። መውጫ በር ተውላት።

የሽንኩርቱ ሾፌር (ደብረ ብርሃን)

እግዜር ይስጣችሁ። መሙያው ተጭኖ ነበር፣ ለዚህ እምላለሁ፤ ሰዓቱን የሞላሁት እህቴ ያሰረችልኝ ዕለት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።

የዴይራዋ እንዳልሽኝ መውጫ በሯን አስቀድሜ በድምፅ መልእክት ላክሁላት። ሳቋ ነው ቀድሞ የመጣው። "ጋሽዬ፣ ይሄን ሁሉ ከምታወራ ደረሰኝ ላኪ አትለኝም?" ብላ ፎቶውን ላከች። ከሕጋዊ ሱቅ ነው የገዛችው፤ ቀኑና ሞዴሉ ይነበባል፣ ዋጋውን በቀይ የከንፈር ቀለም ደልዛዋለች። ካርዱ ባዶ የሆነው ሻጩ ሊሞላላት ሲል ለአውሮፕላን ተቻኩላ ስለወጣች ነው አሉ።

ፎቶውን ለአዲስ አበባው ልጅ በቴሌግራም አሳየሁት። "ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ካርዱ ላይ ዋስትናው ዓለም አቀፍ ይላል?" አለኝ። አገላብጬ አየሁት፣ አይልም፤ እዚያው ለገልፍ አገሮች ነው የሚለው። ስለዚህ ሰዓቱ ከነካርዱ ወደ ዱባይ መመለስ አለበት። እህቴ ሱቁን በስልክ ጠይቃ "አምጡት፣ እናየዋለን" ብለዋታል።

ባለ ሎፑ፣ አውልቄ ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መንዜው፣ ሩዙን በልተነዋል። አሁን የሚቀረኝ መንገደኛ ነው። ከደብረ ብርሃን ወይ ከአካባቢው ከፋሲካ በኋላ ዱባይ የሚሄድ ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እህቴ ኤርፖርት ድረስ መጥታ ትቀበላለች፤ የመንገደኛውን እናት የሽንኩርት ወጪ ለአንድ ወር እኔ እችላለሁ።