ሶላር ለደብረ ብርሃን ቤት፦ ምጣዱንም ይችላል?

የጠባሴዋ
ሰላም ቤቶች። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው የምኖረው። ቤቴ የእንጨት ወራጅ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጅ ውስጥ ያለው ይበላሻል፤ ሥራዬም በኮምፒውተር ስለሆነ ዋይፋይ ሲጠፋ እጄን አጣምሬ መቀመጥ ነው። አንድ ሻጭ «5 ኪሎዋት ኢንቨርተር፣ ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔልና አንድ ሊቲየም ባትሪ ላስገባልሽ፤ ምጣዱንም የውኃ ዲናሞውንም ይችላል» አለኝ። ኢንቨርተር ያለው የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ነው። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን በረንዳዋ ላይ ሁለት ፓኔል ያለ ምንም ባትሪ ሰክታ እየተጠቀመች ነው። ዋጋውን የሰቀለው ባትሪው ነው፤ ያለሱ አይሆንም?

ሽቦ ቀጣይ
እህቴ፣ ከምጣዱ እንጀምር። አገር ቤት የሚሠራ ምጣድ ስንት እንደሚስብ የሚናገር ጽሑፍ እንኳ የለበትም፤ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። ባለ 48 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም የሚይዘው ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ጋግረሽ ስትነሺ ባትሪው አለቀ ማለት ነው፤ ማታ ጨለማ። ምጣዱን ለቆጣሪው ተዪለት፣ መብራት ባለ ቀን ጋግሪ። ዲናሞው ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ቀን ፀሐይ ላይ አስነሺው።

የቀረውን ደምሪው፦ ፍሪጅ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ኮምፒውተር ግማሽ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖልና ዋይፋይ አንድ ላይ አንድ። ሦስት አይሞላም። ለዚህ አንድ ባትሪ ይበቃሻል።

የከነከነኝ ሁለት ፓኔል ያለው ነው። የ5 ኪሎዋት ኢንቨርተሮች የፓኔል መግቢያቸው ብዙ ጊዜ ከ120 ቮልት በታች አይነሳም። ባለ 550ው ፓኔል ሲሠራ 41 ቮልት ግድም ነው፤ ሁለቱ ተቀጣጥለው 82። ኢንቨርተሩ ፓኔል መኖሩንም አያውቅ! ባትሪሽ ከመብራት ኃይል እየተሞላ «ሶላር አለኝ» ስትዪ ትኖሪያለሽ። አራት አድርጊው፣ 164 ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ፀሐይ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ቢገኝ ነው፤ ያኔም በአራቱ አታፍሪም። ግን ከመክፈልሽ በፊት የኢንቨርተሩን ወረቀት አስመጪና «ኤምፒፒቲ» የሚለው መስመር ላይ (የፓኔሉ መግቢያ ማለት ነው) ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚል እዪ። ሻጩ ወረቀቱን ካላሳየሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

እዚያው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ እስከ 2000 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ የሚልም ታገኛለሽ። ደብረ ብርሃን ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኢንቨርተሩ ሙቀቱን በደንብ አያስወጣም። 5 ኪሎዋት ተብሎ አምስቱንም አትጫኚው። ባትሪውን ደግሞ ማዕድ ቤት ወይም በረንዳ እንዳያስቀምጡት። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይበላሻል፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እኔ አልነግርሽም። ሳሎን ጥግ ይግባ።

ጣሪያው፦ አራቱ ፓኔል ከ110 ኪሎ ይበልጣል፤ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን ነፋሱ ከሥር ገብቶ ሲያነሳው ነው። ብረቱ በቆርቆሮው አልፎ ሞራሌው ላይ ይታሰር፤ ቆርቆሮው ብቻ ላይ አይሆንም። ጎማ ያለው ብሎን ይሁን፣ የሚበሱትም የሞገዱን አናት እንጂ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ አይሁን። ብረቱም ፓኔሉም ኧርዝ ይደረግ። የፓኔሉ ብሬከር የግድ የዲሲ ይሁን፣ ከፓኔል የሚመጣው ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ማለት ነው፤ የቤት ብሬከር ዲሲ ላይ ብልጭታውን መቁረጥ አቅቶት ይቃጠላል።

ማይን ዳር
የአክስትሽ ልጅ እኔ አይደለሁም እንጂ እኔም ፍራንክፈርት ነኝ፤ በረንዳዬም ላይ አለ። እዚህ ከ2024 ጀምሮ እስከ 800 ዋት ኢንቨርተር በረንዳ ላይ መሰካት ተፈቅዷል። ግን የመሥመሩን መብራት ተከትሎ ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ወዲያው ይጠፋል። ካልጠፋማ መሥመር የሚጠግነውን ሰው ይገድላል። እኛ የምናተርፈው የወር ክፍያ ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው መብራት ሲሄድ የሚሠራ ነው። ባትሪውን አትዝለዪው። አቅም ካነሰ ፓኔሉን ለበኋላ ትተሽ ኢንቨርተርና ባትሪ ብቻ አስገቢ፤ መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲሄድ ያበራል።

የጠባሴዋ
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የኢንቨርተሩን ወረቀት ጠይቄው «ቢሮ ነው፣ ነገ» ብሏል፤ እናያለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ሮቶው ከቤቱ በስተሰሜን ብረት ማማ ላይ ነው። ዛሬ በስድስት ሰዓት ሳየው ጥላው ወደ ጓሮ ነው የወደቀው፣ ጣሪያውን አልነካም። ከሮቶው አጠገብ ቢሆን ገመዱ ያጥርልኛል። ደግሞ ስንት ዲግሪ ይዘንበል? ኢንተርኔት ላይ 30 ይላል።

ሽቦ ቀጣይ
30 የአውሮጳ ነው። አንቺ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርገሽ 10 ዲግሪ ይበቃል፤ አቧራውን ዝናብ እንዲያጥበው ያህል።

የሮቶውን ጥላ ግን በዛሬው አትመዝኚው። በእናንተ አካባቢ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ያኔ ጥላው ዞሮ ጣሪያሽ ላይ ይመጣል፣ ያውም ፀሐይ በምትጠፋበት ክረምት። አራቱ ተቀጣጥለው ስለሚሠሩ አንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ ጉልበታቸው ይወርዳል። ከማማው ራቅ አድርገሽ በደቡብ በኩል ባለው ክዳን ላይ አስቀምጪው፤ ገመዱ ቢረዝምም ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከገዛሽ በዚህ ቮልት የሚባክነው ኢምንት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይም ውጪና የጎረቤትን ባሕር ዛፍ ጥላ እዪ።